ሙያ በልብ ብቻ እንዳይቀር፤ ስለ ሥነ ጥበብና ስለ ንድፍ የዶክተርነት ማዕርግ

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ባለሙያውን ከትዕቢት የሚጠብቅ መልካም ምክር ነው። የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱን በአደባባይ ሳይለፍፍ በሥራው እንዲገልጥ ያስተምራል። ይሁን እንጂ ምሳሌውን በሌላ ወገን ለተመለከተው አንድ ጉዳት አለበት። ሙያው በልቡ ብቻ የኖረ ሰው በሞተ ጊዜ ሙያውም አብሮት ይቀበራልና። ቀለሙን ከምን እንደ በጠበጠ፣ ገበታውን በምን እንዳለሰለሰ፣ መስመሩን ስለ ምን ከዚህ ወደዚያ እንዳዞረ ሳይናገርና ሳይጽፍ ያለፈ ሠዓሊ ሥራውን ለዓይን ትቶ ዕውቀቱን ግን ይዞት ሄዷል።

ስለዚህ ካለፉት 60 ዓመታት ያህል ወዲህ በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ሠዓሊውን፣ ቀራጺውን፣ ሸማኔውንና የዕቃ ንድፍ አውጪውን፣ በእጅህ የምታውቀውን በቃልም በጽሑፍም አስረዳ፤ ያስረዳኸውም ነገር አዲስና እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ እንደ ሌሎቹ ሊቃውንት ሁሉ የዶክተርነት ማዕርግ ይሰጥሃል ማለት ጀምረዋል። ይህ ነገር ለጥበብ ክብር ነው ወይስ ጥበብን በወረቀት ማሰር ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቈረጠም። ክርክሩ ግን የሠዓሊዎች ብቻ ክርክር አይደለም። የእጅ ዕውቀት ከዕውቀት ይቈጠራል ወይስ አይቈጠርም የሚለው ጥያቄ ትምህርትን የሚያስተዳድረውን ሹምና ደቀ መዝሙርን የሚመርቀውን መምህር ሁሉ የሚመለከት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆናቸው ካልተገለጠ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«ዶክተር» የሚለው ስም ከላቲን ቋንቋ የተገኘ ነው፤ ፍችውም መምህር ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን በቦሎኛና በፓሪስ በተቋቋሙት ዩኒቨርሲቲዎች ማዕርጉ የሚሰጠው ለማስተማር የበቃ ሆኖ ለተገኘ ሰው ነበረ። ትምህርቱም ከሁሉ ይልቅ የሃይማኖት፣ የሕግና የሕክምና ትምህርት ነበረ። ሠዓሊና ቀራጺ ግን በዚያ ዘመን በዩኒቨርሲቲ ደጅ አይታዩም። የእነርሱ ትምህርት ቤት የጌታቸው የሥራ ቤት ነበረ። ልጁ ገና በሕፃንነቱ ከባለሙያው ዘንድ ይገባል፤ ቀለም ይፈጫል፣ ገበታ ይፍቃል፣ የጌታውን መስመር ተከትሎ ይሥላል። ከብዙ ዓመት በኋላ እርሱም በተራው ባለሙያ ተብሎ የሥራ ቤት ለመክፈት ሲፈልግ በገዛ እጁ አንድ ሥራ ሠርቶ ለሙያው ማኅበር አለቆች ያቀርባል። አለቆቹም ሥራውን መርምረው ይቀበሉታል ወይም ይመልሱታል።

እንግዲህ ሁለት ዐይነት ፈተና ነበረ ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው ሰው በቃል ተከራክሮ ይመረቅ ነበር፤ የሥራ ቤቱ ሰው በእጁ ሠርቶ ይመረቅ ነበር። ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ሲሄዱ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይገናኙ ቆዩ። በ1563 በፍሎሬንስ ከተማ የንድፍ አካዳሚ ተቋቁሞ ሠዓሊውን ከተራ አንጥረኛ ማኅበር ከፍ ባደረገው ጊዜ እንኳ፣ አካዳሚውና ዩኒቨርሲቲው እየራሳቸው ነበሩ።

በዚህ መካከል የዶክተርነት ማዕርግ ራሱ ጠባዩን ለወጠ። የበርሊን ዩኒቨርሲቲ በ1810 ከተመሠረተ ወዲህ በጀርመን አገር እየጸና በሄደው ልማድ፣ የተጻፈውን አጥንቶ የሚመልስ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ያልታወቀ ነገር መርምሮ ያገኘ ሰው ለማዕርጉ ይመረጥ ጀመር። ይህም ሥርዐት በ1861 በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1917 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ዶክተር ማለት በመጀመሪያው ፍቺ መምህር ከመሆኑም በላይ፣ አዲስ ዕውቀት ፈልጎ ማግኘቱ በፈታኞች የተመሰከረለት ሰው ማለት ሆነ። ይህ ለውጥ ኋላ ለሠዓሊው በሩን የከፈተለት ነው። ጥያቄው በቃል ክርክር የሠለጠነው ማነው መሆኑ ቀርቶ አዲስ ነገር ያገኘው ማነው ከሆነ፣ የእጅ ባለሙያም እኔ አግኝቻለሁ ለማለት ይችላልና።

ነገሩ እንዴት እንደ ተፈጸመ ለመረዳት የእንግሊዝን አገር ታሪክ መመልከት ይበቃል። በ1837 የእንግሊዝ መንግሥት በለንደን በሶመርሴት ሃውስ አንድ የንድፍ ትምህርት ቤት ከፈተ። ያነሣሣውም ምክንያት ንግድ ነበረ። የአገሩ ፋብሪካዎች ጨርቅና ልዩ ልዩ ዕቃ በብዛት ቢያወጡም፣ በመልክና በጌጥ ከፈረንሳይ ዕቃ አንሰው እንዳይቀሩ ሥጋት ነበረ። ይህ ትምህርት ቤት በ1896 የንጉሣዊ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ የሚል ስም ተሰጠው፤ በ1967 ደግሞ በንጉሣዊ ቻርተር ማዕርግ ለመስጠት ሥልጣን አገኘ። ከተመሠረተ እስከዚያ ድረስ 130 ዓመት አልፎ ነበር።

ሌሎቹ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች በዚያው ዘመን መካከል በሌላ መንገድ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይጠጉ ነበር። በ1960 በሠዓሊው በዊልያም ኮልድስትሪም ሊቀ መንበርነት የተሰበሰበው ኮሚቴ፣ የሥነ ጥበብና የንድፍ ዲፕሎማ የሚቀበል ተማሪ ከእጅ ሥራው ጋራ የሥነ ጥበብን ታሪክና ሌላም አእምሮን የሚያሰፋ ትምህርት እንዲማር ሐሳብ አቀረበ። በ1964 ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ባልሆኑ ኮሌጆች ለሚማሩ ሰዎች ማዕርግ የሚሰጥ ብሔራዊ ምክር ቤት ተቋቋመ። ይህ ምክር ቤት የመጀመሪያውን ዲግሪ ብቻ ሳይሆን የዶክተርነትን ማዕርግ ጭምር ለመስጠት ሥልጣን ስለ ነበረው፣ በፖሊቴክኒክ ውስጥ የሚሠራ ቀራጺ ወይም ንድፍ አውጪ ከዚያ በፊት ያልነበረ መንገድ ተከፈተለት። ከዚህ መንገድ ከመጀመሪያዎቹ ተጓዦች አንዱ አንድሩ ስቶንየር የሚባል ቀራጺ ነበረ። እርሱም በፀሐይ ኀይል የሚንቀሳቀስ ሐውልት እንዴት እንደሚሠራ በሌስተር ፖሊቴክኒክ መርምሮ በ1978 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

ነገር ግን ንድፍ አውጪ መርማሪ ሊሆን እንደሚችል ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የብሩስ አርቸር ሥራ ነው። አርቸር በትምህርቱ የመኪና ሥራ ኢንጂነር ሲሆን ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ስለ ሆስፒታል ዕቃዎች እንዲመረምር ተጠራ። እርሱና ጓደኞቹም አራት ችግሮችን ለይተው አወጡ። አንደኛው ከቁስል ላይ የተነሣውን እድፋም ጨርቅ በደኅና የሚያስቀምጡበት ዕቃ ነበረ። ሁለተኛው መድኃኒት በስሕተት ለማይገባው በሽተኛ እንዳይሰጥ የሚከለክል ዘዴ ነበረ። ሦስተኛው ለሆስፒታሎች ሁሉ የሚስማማ አንድ ዐይነት አልጋ ነበረ። አራተኛው ጢስ እንዲከለክሉ የተሠሩት በሮች ዘወትር ተከፍተው እንዳይውሉ የሚያደርግ ብልሃት ነበረ።

አልጋ ለማየት ቀላል ነገር ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በወረቀት ላይ መልካም መስሎ የታየውን አልጋ ቢነድፍ የሚከለክለው የለም። አርቸር ግን እንዲህ አላደረገም። አልጋው የማን ዕቃ እንደ ሆነ አስቀድሞ ጠየቀ። የበሽተኛው ነው፤ በሽተኛውን የምታነሣውና የምታስተኛው የአስታማሚዋም ነው፤ የሐኪሙም ነው፤ የሚያጸዳውና የሚጠግነው ሠራተኛም ዕቃ ነው፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ሹምም ጉዳይ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚፈልጉት አንድ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜም እርስ በርሱ ይጣላል። ለምሳሌ ለበሽተኛው መውጫና መውረጃ ዝቅ ያለ አልጋ ይሻላል፤ ለአስታማሚዋ ወገብ ግን ከፍ ያለው ይሻላል። ስለዚህ ሥራው በየደረጃው ተለይቶ፣ ለእያንዳንዱ ፍላጎት መመዘኛ ተደርጎለት፣ ለሙከራ የተሠሩት አልጋዎች በሆስፒታል ክፍል ውስጥ ገብተው፣ አስታማሚዎቹ ሲሠሩባቸው እየታየና እየተመዘገበ፣ የተሳሳተው እየታረመ ተፈጸመ። ከዚህም የተገኘው አልጋ ለሥራው ድጋፍ በሰጠው የበጎ አድራጎት ድርጅት ስም የኪንግስ ፈንድ አልጋ ተብሎ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የተለመደ አልጋ ለመሆን በቃ።

አርቸር ከዚህና ከመሰለው ሥራ ያገኘውን ትምህርት አከማችቶ በ1968 ስለ ንድፍ ሥራ አካሄድና አደረጃጀት የሚናገር ድርሳን ለዶክተርነት አቀረበ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። አልጋው ብቻውን ቢቀር አንድ መልካም አልጋ ነው። ድርሳኑም ብቻውን ቢቀር ያልተፈተነ ቃል በሆነ ነበር። አልጋው ድርሳኑን እውነት አደረገው፤ ድርሳኑ ደግሞ የአልጋውን ብልሃት ሌላ ሰው ለሌላ ዕቃ እንዲጠቀምበት አደረገው። የሥነ ጥበብና የንድፍ ዶክተርነት ፍሬ ነገሩ በዚህ ውስጥ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ማዕርጉ የተስፋፋው በዕውቀት ፍቅር ብቻ ነው ማለት ሐሰት ይሆናል። በ1992 በወጣው ሕግ የእንግሊዝ ፖሊቴክኒኮች ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። መንግሥትም ለምርምር የሚሰጠውን ገንዘብ እንደ ሥራው ጥራት እየመዘነ ስለሚያከፋፍል፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች እኛም ምርምር አለን ብለው ለማሳየት ተገደዱ። በዚህም ምክንያት ዶክተር ለመሆን የሚገቡ ሠዓሊዎችና ንድፍ አውጪዎች በዙ። ምርምር ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ምርምር ተባለ፤ ማናቸውም የተሣለ ነገር ሁሉ ምርምር ነው የሚልም ተነሣ፤ ከተጻፈ ቃል በቀር ምርምር የለም የሚልም ተነሣ።

ይህን ድብልቅልቅ ለማጥራት በ1993 ክሪስቶፈር ፍሬይሊንግ የሚባል፣ ኋላ የንጉሣዊው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ የበላይ የሆነ ሊቅ፣ አንድ አጭር ጽሑፍ አውጥቶ ነገሩን በሦስት ከፈለው። የመጀመሪያው ስለ ጥበብ የሚደረግ ምርምር ነው፤ ሁለተኛው በጥበብ ሥራ በኩል የሚደረግ ምርምር ነው፤ ሦስተኛው ለጥበብ ሥራ ተብሎ የሚደረግ ምርምር ነው። ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ ድረስ በየዩኒቨርሲቲው ይጠቀሳልና ፍችውን መግለጥ ይገባል።

ስለ ጥበብ የሚደረገው ምርምር ከጥንት የታወቀ ነው። ታሪክ ጸሓፊው ሥዕሉን አይሥልም፤ የሌላውን ሥዕል ይመረምራል እንጂ። በኢትዮጵያ ሥዕል ላይ የተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው። በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን የነበረውና ስሙ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ባለ ሥዕል ላይ የተገኘው የሠዓሊው የፍሬ ጽዮን ሥራ ከሌሎች ሥራዎች ጋራ ተነጻጽሮ የታወቀው፣ ማሪሊን ሄልድማን በ1994 ባሳተመችው መጽሐፍ በዝርዝር ስለ ተገለጠ ነው። እንዲሁም ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ በ2019 ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ያሳተመችው መጽሐፍ ከዚሁ ወገን ነው።

በጥበብ ሥራ በኩል የሚደረገው ምርምር ግን ባለሙያው ራሱ እየሠራ የሚመረምረው ነው። የአርቸር አልጋና የስቶንየር ሐውልት የዚህ ምሳሌ ናቸው። ሥራው መጠየቂያ ይሆናል፤ እየሠሩ ያልሠመረውን መዝግቦ፣ ምክንያቱን ፈልጎ፣ እንደ ገና መሥራት የምርምሩ መንገድ ይሆናል። ሦስተኛው፣ ለጥበብ ሥራ የሚደረገው፣ ፍሬው ራሱ ሥዕሉ ወይም ሐውልቱ የሆነ ነው። ሐሳቡ ሁሉ በሥራው ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። ፍሬይሊንግ አስቸጋሪው ይህ ሦስተኛው መሆኑን ተናገረ፤ በዚያ ዘመንም ኮሌጁ ሥራው ስለ ራሱ ይናገራል ተብሎ ብቻ የምርምር ማዕርግ እንደማይሰጥ ጻፈ። በሥራው የከበረ ሠዓሊ የክብር ማዕርግ ሊቀበል ይችላል፤ የምርምር ማዕርግ ግን ሌላ ነው ማለቱ ነው።

እንግዲህ ይህን ማዕርግ የሚፈልግ ሰው ምን እንዲሠራ ይጠየቃል? ነገሩን በምሳሌ ለማየት አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ አለ እንበል። በእንጨት ገበታ ላይ የተሣሉ ሥዕሎች አንዳንዶቹ ለብዙ ዘመን ጸንተው ሲኖሩ፣ ሌሎቹ ቀለማቸው እየተሰነጠቀና እየተቀረፈ ሲወድቅ ያያል። ይህ ከምን የተነሣ እንደ ሆነ ለማወቅ ቢነሣ መጀመሪያ የሚፈለግበት ጥያቄውን ማጥበብ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ሁሉ እመረምራለሁ ያለ እንደ ሆነ በአንድ ዕድሜ አይፈጽመውም። ከቀለሙ በታች የሚቀባው ነጭ ምርጊት በምን ሙጫ ቢቦካ ከእንጨቱ ጋራ ተስማምቶ ይኖራል ብሎ ከጠየቀ ግን ለመፈተን የሚቻል ጥያቄ አገኘ።

ከዚያ በኋላ ከእርሱ በፊት ሌሎች የጻፉትን ያነባል፤ ያልጻፉትንም ባለሙያዎች ከአፋቸው ይጠይቃል። ገበታዎችን አዘጋጅቶ በልዩ ልዩ ሙጫ ይመርጋቸዋል፤ ይሥልባቸዋል፤ በእርጥበትና በሙቀት ይፈትናቸዋል። የዕለቱን ሥራ በየዕለቱ ይመዘግባል። መዝገቡም የሠመረውን ብቻ ሳይሆን የከሸፈውን ጭምር የያዘ መሆን አለበት፤ የከሸፈውን የሰወረ መርማሪ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ሰው ወደዚያው ጕድጓድ የሚመራ ነውና። በመጨረሻም የሣላቸውን ሥዕሎች በዐውደ ርእይ አቅርቦ፣ ከእነርሱም ጋራ ምን እንደ ጠየቀ፣ በምን መንገድ እንደ ሄደ፣ ምን እንዳገኘ የሚገልጥ ድርሳን ይጽፋል።

በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ልማድ ይህ ሁሉ በሙሉ ጊዜ ለሚማር ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጃል። በጽሑፍ ብቻ የሚቀርብ ድርሳን ብዙውን ጊዜ እስከ 80,000 ቃል ይደርሳል። ከእጅ ሥራ ጋራ የሚቀርበው ግን ሥራው ራሱ የማስረጃው ክፍል ስለ ሆነ፣ በብዙ ቦታ ከዚህ ግማሽ ያህል እንዲሆን ይፈቀዳል። ተማሪው በጉዞው ሁሉ አማካሪ መምህራን አሉት። በፍጻሜው በቃል የሚፈትኑት ከሁለት የማያንሱ ሊቃውንት ይመደባሉ፤ ቢያንስ አንደኛው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ መሆን አለበት። ፈታኞቹ ሥራውን በዓይናቸው አይተው፣ ድርሳኑን አንብበው፣ ከተማሪው ጋራ ፊት ለፊት ይከራከራሉ። የሚጠይቁትም ሥዕሉ ያምራል ወይም አያምርም ብለው ብቻ አይደለም። ከዚህ በፊት ያልታወቀ ምን ታወቀ? የታወቀውስ በምን ማስረጃ ታወቀ? ሌላ ሰው ሊጠቀምበት ይችላልን? የሚሉትን ሦስት ነገሮች ይመረምራሉ።

ይህን ሥርዐት የሚቃወሙ ሰዎች ቃል የሚናቅ አይደለም። አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል። መልካም ሥዕል ማብራሪያ አይፈልግም፤ ሠዓሊውን ጸሓፊ ለማድረግ መታገል ዓሣን በየብስ እንዲሄድ ማስገደድ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ሥራው ሲጽፍ የኖረ ሠዓሊ በመጨረሻ ሥራው ለጽሑፉ ማሳያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ስለ እንጀራ ይናገራል። በአሜሪካ አገር የሥነ ጥበብ መምህር ለመሆን የበላይ ሆኖ የኖረው ማዕርግ የሥነ ጥበብ ማስተርስ ነው። በዚያ አገር የሥነ ጥበብ መምህራንና ሊቃውንት ማኅበርም ይህን በ1977 ባወጣው መግለጫ አጽንቶታል። አሁን ዶክተርነት ከተጨመረ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ዶክተር ያልሆነውን መምህር አንቀበልም ይላሉ፤ በሥራው የተመሰገነው ሠዓሊ በወረቀት ጕድለት ከደጅ ይቀራል፤ ወጣቱም ለተጨማሪ ዓመታት ዕዳ ይገባል ብለው ይፈራሉ። ጄምስ ኤልኪንስ የሚባለው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ በ2009 የዶክተርነት ማዕርግ ስላላቸው ሠዓሊዎች የልዩ ልዩ ጸሓፊዎችን ሐሳብ ሰብስቦ ባሳተመው መጽሐፍ ይኸው ጭንቀት በሰፊው ይገኛል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ግማሹ እውነት ነው። ለሥዕል ውበት ማብራሪያ እንደማያስፈልገው ማንም አይክድም። ነገር ግን ዶክተርነት የውበት ሽልማት አይደለም። ሠዓሊ ሳይጽፍ ታላቅ ሠዓሊ ሊሆን ይችላል፤ ማዕርጉን ግን ከጠየቀ ለሌላ ሰው የሚተላለፍ ዕውቀት ሊሰጥ ይገባዋል። የማይፈልገውም ሰው እንዲፈልግ አይገደድ። ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ሙሉ እውነት ነው፤ መድኃኒቱም ያለው በሹማምንት እጅ ነው። ማዕርጉ ለመርማሪ የተከፈተ በር መሆኑ ቀርቶ በባለሙያ ሁሉ ፊት የተዘጋ በር ከሆነ፣ ጥበብን ለማክበር የተሠራው ሕግ ጥበብን የሚያዋርድ ይሆናል።

ሌሎች አገሮች ይህን ነገር በልዩ ልዩ መንገድ አስተካክለውታል። የጃፓን መንግሥት በ1887 የተመሠረተው የቶኪዮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወራሽ በሆነው ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነትን ትምህርት በ1977 ከፈተ። ኖርዌይ በ2003 ለሠዓሊዎች፣ ለሙዚቃና ለቲያትር ባለሙያዎች ከዶክተርነት ጋራ የሚተካከል የምርምር ሥርዐት አቋቁማ፣ ስሙን ግን ሳትሰጥ 15 ዓመት ያህል ካሠራችው በኋላ፣ በ2018 የዶክተርነትን ማዕርግ ፈቀደች። ስዊድን ደግሞ በ2010 ከተለመደው ዶክተርነት የተለየ፣ በስሙም የሥነ ጥበብ የሆነ፣ ራሱን የቻለ የዶክተርነት ማዕርግ በሕግ አቆመች። እነዚህ አገሮች ያስተማሩት ነገር ቢኖር፣ የጥበብን ምርምር በሌላ ትምህርት ሚዛን ሳይጭኑ፣ ለራሱ የሚገባውን ሚዛን አስቀድሞ መሥራት የተሻለ መሆኑን ነው።

ለኢትዮጵያ ሰው ይህ ሚዛን እንግዳ ነገር መስሎ ሊታየው አይገባም። የቅኔ ቤት ሥርዐት ለዚህ ምስክር ነው። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ በመቍጠር ብቻ አይመረቅም፤ ከራሱ ልብ አፍልቆ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይቀኛል። ቅኔው አዲስ መሆን አለበት፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ የደገመ ተቀኘ አይባልም። ደግሞም ሰሙን ከወርቁ ለይቶ፣ ታሪኩን ከነምሥጢሩ ለማስረዳት ይጠየቃል። ይህን ፈጽሞ ሲመረቅም ጉባኤ ዘርግቶ ለማስተማር ይበቃል። በገዛ እጅ መሥራት፣ አዲስ ነገር ማምጣት፣ የሠሩትን ማስረዳት፣ ኋላም ማስተማር፤ አውሮፓ ሥራ ቤቱንና ዩኒቨርሲቲውን አራርቆ ከኖረ በኋላ በ20ኛው መቶ ዓመት ለማገናኘት የደከመላቸው እነዚህ አራቱ ነገሮች በቅኔ ቤት ተገናኝተው ኖረዋል። የሠዓሊው ዕድል ግን እንደ ባለቅኔው አልነበረም። ሥራው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሲከብር ስሙ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጻፍ ቀረ፤ የቀለሙም ብልሃት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በአፍ ብቻ ይተላለፍ ነበርና መካከሉ በተቈረጠ ጊዜ ጠፋ።

በአዲስ አበባ በ1950 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተከፈተውና በመሥራቹ በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ስም የተጠራው የሥነ ጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። መሥራቹ ራሱ በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ የተመለሰ ነበረ። ከዚህ ትምህርት ቤትና ከመሰሎቹ የሚወጡ ወጣቶች ዛሬ ወደ ዶክተርነት ሲመለከቱ፣ አሳባቸው ስሙ ላይ ብቻ እንዳይቀር አስቀድመው ጥያቄያቸውን ሊመረምሩ ይገባቸዋል። ጥያቄ ሳይኖረው ማዕርግ የፈለገ ሰው መንገዱን ሳያውቅ በቅሎ የጫነ ሰው ነው። ጥያቄ ያለው ግን ከአገሩ ምድር ሳይርቅ የሚመረምረው ብዙ ነገር ያገኛል። የብራናው አዘገጃጀት፣ የሐረጉ አጣጣል፣ የጥለቱ አሠራር፣ የድንጋይ ፍልፍሉ ብልሃት፣ የመሶቡ ስፌት ቍጥር፣ የእያንዳንዱ ባለሙያ ገና እየኖረ ይጠብቃል።

በሹማምንት በኩል የሚፈለገው ደግሞ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማዕርጉን ከመክፈት በፊት ፈታኙን ማዘጋጀት ነው፤ ሚዛን ሳይኖር ገበያ አይቆምምና። በፈታኞችም መካከል ወረቀት ባይኖረው እንኳ በሙያው የተመሰከረለት ሽማግሌ ባለሙያ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ጥለቱ ትክክል መሆኑን ከሸማኔው የበለጠ የሚያውቅ ማነው? ሁለተኛ፣ የምርምሩ ሥራና መዝገብ በቤተ መጻሕፍትና በቤተ መዘክር እንዲቀመጥ፣ ጽሑፉም ባለሙያው ሊያነበው በሚችለው ቋንቋ፣ የሙያው ቃላት ሳይለወጡ እንዲጻፍ መርዳት ነው። ከሸማኔ ተጠይቆ የተጻፈ ነገር ሸማኔው የማያነበው ከሆነ ዕዳው አልተከፈለም። ሦስተኛ፣ ዶክተር ያልሆነውን ብልህ መምህር ከወንበሩ አለማንሣት ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዘው ነበር። ዐዋጁ ስድብን ለመከልከል ነበረ፤ ከስድብ መዳን ግን የክብር መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። የክብሩ ፍጻሜ ባለሙያውን ቁጭ አድርጎ፣ የምታውቀውን ንገረኝ ብሎ መጠየቅ፣ ሲናገርም እንደ ሊቅ መስማት ነው። የሥነ ጥበብና የንድፍ ዶክተርነት ይህን ካደረገ ለስሙ የተገባ ነው፤ ይህን ካላደረገ ግን በክር የተንጠለጠለ ወረቀት ነው። ሙያ በልብ መሆኑ አይቀርም፤ ነገር ግን ከልብ ወጥቶ ለልጅ ልጅ ይተርፍ ዘንድ እጅ የሠራውን አንደበት ሊመሰክርለት፣ አንደበት የመሰከረውንም ብዕር ሊያጸናው ይገባል።